ከሰሜን ተራሮች ጥለት ቀድታችሁ የራሳችሁን ሹራብ ዲዛይን ማድረጊያ

ፊትና ግልባጩን ለይቶ አንድ ኮፍያ የጨረሰ ሰው ባለጥለት ሹራብ ዲዛይን ማድረግ ይችላል። ሰው ሚፈራው ስዕሉን ነው፣ "እኔ እኮ መሳል አልችልም" ይላል፣ ግን እዚ ጋ መሳል ሚባል ነገር የለም፣ ባለካሬ የሂሳብ ደብተር ታወጣላችሁ፣ አንዷ ካሬ መርፌው ላይ ያለች አንድ የክር ቀለበት ናት፣ ታጠቁሯታላችሁ ወይ ትተዋታላችሁ፣ በቃ። እንደውም ሚቸገረው ጎበዝ ሰዓሊ የሆነው ነው፣ ቅጠሉን ከነጅማቱ ካላስገባሁ ይላል፣ ክሩ ደግሞ ያን ያህል አይሸከምለትም።

ከተፈጥሮ የተቀዳ ሹራብ ሲባል ብዙዎቻችን ሚመጣልን ደረቱ ላይ ተራራ፣ ከተራራው ጀርባ ፀሐይ፣ ፊት ለፊት ዋልያ ቆሞ። እንደዛ አይነቱ ከኤርፖርት ስጦታ ሱቅ የተገዛ ነው ሚመስለው። እኔ ምመክረው ከአንድ ቦታ ሁለት ሶስት ነገር መርጦ፣ ከእያንዳንዱ ደግሞ ቅርፁን ብቻ ወስዶ ሌላውን መተው ነው። ለምሳሌ እንዲሆነን የሰሜን ተራሮችን እንውሰድ፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 የመዘገበው ፓርክ፣ ራስ ዳሸን ከ4500 ሜትር በላይ ሚቆምበት። እዛ ጭላዳ አለ፣ ጅብራ አለ፣ መስከረም መጨረሻ ላይ ከሄዳችሁ ደግሞ አደይ አበባው ሳሩ መሀል በየቦታው ነው። እነዚህ ሶስቱ ለአንድ ሹራብ በቂ ናቸው፣ ዋልያውን ለሌላ ጊዜ ተዉት።

የሹራቡ አይነት ደግሞ ጥለቱ ትከሻ ላይ ክብ ሆኖ ሚዞረው ይሁን፣ አይስላንዶች ሎፓፔይሳ ሚሉት። አይስላንድ ውስጥ ይሄ አሰራር የመጣው በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ ነው እንጂ የጥንት አይደለም፣ ስለዚ ወግ ይጣሳል ብላችሁ አትፍሩ፣ የራሳችሁን አስገቡበት። ይሄን የመረጥኩበት ምክንያት አለኝ፣ ሰውነቱና እጅጌው አንድ ቀለም ስለሆነ ድራማ እያያችሁ ትሰሩታላችሁ፣ አእምሮ ሚፈልገው ከብብት በላይ ያለው 24 ሳንቲም ብቻ ነው፣ ያ ክፍል ደግሞ ወደ አንገት እየጠበበ ስለሚሄድ ከታች ሰፍቶ ከላይ ሚሾል ተክል በተፈጥሮው ልኩ ነው። ጅብራን ያየ ሰው ይገባዋል።

መጀመሪያ ፎቶ። የራሳችሁ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ካልሆነ ጎንደር ወይ ደባርቅ ያለ ዘመድ ይላክላችሁ። ፎቶውን ስልካችሁ ላይ በጣም አሳንሱት፣ ጎኑ ሃያ ፒክስል ብቻ እስኪሆን፣ ከዛ መልሳችሁ አስፉት። ሁሉም ነገር ጠፍቶ የቀለም ካሬዎች ብቻ ይቀራሉ፣ አሁን ቁጠሩ። ከመስከረም የሰሜን ፎቶ ብዙውን ጊዜ ምታገኙት አብዛኛው አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ገደሉ፣ እሱ ከሩቅ ሲታይ ግራጫና ሰማያዊ መሀል ያለ ነገር ነው፣ ከዛ የጭላዳው ጋማ ቡኒና የደረቀ ሳር ቀለም፣ ቢጫው ጥቂት፣ የጭላዳው ደረት ቀይ ደግሞ አንድ ወይ ሁለት ካሬ። ይሄ ምጣኔ ከቀለሞቹ በላይ አስፈላጊ ነው። ቀዩ ዓይን ሚይዘው ጥቂት ስለሆነ ነው፣ ብዙ ካደረጋችሁት ሌላ ሹራብ ሆነ።

እና እዚ ጋ ለኛ ሰው ልዩ ማስጠንቀቂያ አለ። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። በእኩል መጠን ከተደረደሩ ሹራቡ ባንዲራ ነው፣ ያንን ፈልጋችሁ ከሆነ መልካም፣ ታላቁ ሩጫ ላይ ይለበሳል፣ ግን ስለ ጭላዳ ነው ብላችሁ ለማስረዳት አትድከሙ፣ ማንም አይሰማችሁም። መፍትሄው አረንጓዴውን ወደ ሽበት ያደላ የድንጋይ ሽበት አይነት ማድረግ፣ ቀዩን ወደ ሸክላ ወይ ወደ ደብዛዛ ሮዝ መሳብ (የጭላዳው ደረት ራሱ እኮ እንደ ባንዲራ ቀይ አይደለም)፣ ቢጫውን ከሁለቱ ማራቅና ለብቻው አንገት ጋ ማስቀመጥ። ሶስቱ አጠገብ ለአጠገብ ካልተገናኙ ችግር የለም።

እኔ ለዚህ ዲዛይን ምወስደው አምስት ቀለም ነው። መደቡ፣ ማለትም ሰውነቱና ከጥለቱ ኋላ ያለው፣ የገደሉ ጥቁር ግራጫ። ከዛ የሸክላ ቀይ ለደረቱ፣ ገለባ ቀለም ለጠርዝ መስመሮች፣ ፈዘዝ ያለ የድንጋይ ሽበት አረንጓዴ ለጅብራው፣ የአደይ ቢጫ ላይኛው ላይ። ክሮቹን ከመግዛታችሁ በፊት፣ ወይ ገዝታችሁም ከሆነ መስራት ከመጀመራችሁ በፊት፣ አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጡና በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ጥቁርና ነጭ አድርጉት። ይሄን ሳያደርግ ሚጀምር ሰው በጣም ይገርመኛል። ቀይና አረንጓዴ ለዓይን በጣም ይለያያሉ፣ ጥቁርና ነጭ ላይ ግን ብዙ ጊዜ አንድ አይነት ግራጫ ሆነው ይመጣሉ፣ ያ ማለት ሶስት ሜትር ርቆ ሚያያችሁ ሰው ጥለቱን አያየውም፣ ዝብርቅርቅ ያለ ነገር ነው ሚታየው። አንድ ዙር ላይ ሚገናኙት ሁለት ቀለሞች ጥቁርና ነጩ ላይ በደንብ መለያየት አለባቸው፣ አንዱ ጠቆር አንዱ ነጣ። በዚህ ዲዛይን መደቡ ሁልጊዜ ጠቆር ያለው ስለሆነ ሌሎቹ አራቱ ከሱ ይንጡ፣ እርስ በርሳቸው ቢቀራረቡ ግድ የለም ምክንያቱም አንድ ዙር ላይ አይገናኙም። የሸክላ ቀዩ ከመደቡ ካልተለየ ነጣ ያለውን ምረጡ እንጂ "ግን እኮ ቆንጆ ቀይ ነው" ብላችሁ ከራሳችሁ ጋ አትከራከሩ።

በአንድ ዙር ሁለት ቀለም ብቻ ሚለው ህግ ከስኮትላንድ ሰሜን ከሼትላንድ ደሴቶች አሰራር ሚታወቅ ነው። ሹራቡ በጠቅላላ አስር ቀለም ሊኖረው ይችላል፣ አንድ ዙር ላይ ግን ሁለት። ማትሰሩበት ክር ከኋላ ተንጠልጥሎ ይከተላችኋል፣ ሶስት ክር ሲሆን ከኋላ ይወፍራል፣ ጣታችሁም ይታሰራል፣ በዛ ላይ ሹራቡ አይለጠጥም። ሁለተኛው ህግ አንዱ ቀለም ከአምስት ቀለበት በላይ በተከታታይ አይሂድ፣ ምክንያቱም ከኋላ የተንጠለጠለው ክር ይረዝምና ስትለብሱ የጣት ቀለበታችሁ ወይ ጥፍራችሁ ይይዘዋል። ከአምስት ሲያልፍ መሀል ላይ ሚሰራው ክር ሚጠብቀውን ጠልፎት ይለፍ። ቻርት ስትስሉ እነዚህን ሁለቱን ካከበራችሁ ሌላው የናንተ ነፃነት ነው።

አሁን ጭላዳው። ጭላዳ ሙሉውን ስላችሁ ሹራብ ላይ ስታስገቡት የልጆች ካርቱን ይሆናል፣ ፊቱ ከስምንት ካሬ አይወጣም። ግን ደረቱን እዩት። ፀጉር የሌለው ቀይ ቆዳ፣ ከላይ ሶስት ማዕዘን ከታች ሶስት ማዕዘን፣ ጫፍና ጫፋቸው መሀል ላይ የተገናኘ፣ የአሸዋ ሰዓት ቅርፅ። ይሄ ለካሬ ወረቀት የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል። ሽሮ ሜዳ ያሉ ሸማኔዎች ጥለት ላይ ይሄን ቅርፅ ሺ ጊዜ ሰርተውታል፣ ቤት ያለ የሀገር ልብስ ጠርዝ አውጡና ተመልከቱ፣ እንዴት ሰያፍ መስመሩን ደረጃ በደረጃ እንደሚያወጡት ብዙ ያስተምራል።

ጥለቱ አስር ቀለበት ስፋት ዘጠኝ ዙር ቁመት ይሁን። የመጀመሪያው ዙር 5 ቀይ 5 መደብ እያለ ይዞራል፣ ሁለተኛውም እንደዛው። ሶስተኛው ላይ ቀዩ ከሁለቱም ጎን በአንድ አንድ ጠቦ 3 ይሆናል፣ መደቡ ታዲያ 7 ሊሆን ነው፣ አምስት አለፈ። እዚ ጋ ሴቷ ጭላዳ ትረዳናለች፣ ደረቷ ዙሪያ ለመራቢያዋ ጊዜ ዶቃ ሚመስሉ ነገሮች ያብጡባታል፣ ያንን ዶቃ በመደቡ መሀል አንድ ቀይ ቀለበት አድርጋችሁ ታስገባላችሁ። ስለዚ ሶስተኛው ዙር 3 ቀይ፣ 3 መደብ፣ 1 ቀይ፣ 3 መደብ። አራተኛው ተመሳሳይ። አምስተኛው መሀሉ ነው፣ የአሸዋ ሰዓቱ ወደ 1 ይጠባል፣ ዶቃው ደግሞ ወደ 3 ይሰፋል፣ 1 ቀይ፣ 3 መደብ፣ 3 ቀይ፣ 3 መደብ። ከዛ ወደ ላይ በመጣችሁበት ትመለሳላችሁ፣ ስድስተኛው እንደ አራተኛው፣ ሰባተኛው እንደ ሶስተኛው፣ ስምንትና ዘጠኝ እንደ መጀመሪያዎቹ። በአንዱ ደረትና በሚቀጥለው መሀል ትንሽ መስቀል ሚመስል ነገር ይወጣላችኋል፣ እሱ ጥሩ ትርፍ ነው። አንድም ቦታ ክሩ ከአምስት ቀለበት በላይ አልተንጠለጠለም።

ዘጠኝ ዙር ለምን? የቀለበት ቅርፅ ካሬ ስላልሆነ። በዚህ አሰራር ላይ በ10 ሳንቲም ውስጥ ለምሳሌ 20 ቀለበት በስፋት ሲኖር በቁመት 24 ዙር አካባቢ ይኖራል፣ ማለትም አንዷ ቀለበት ከቁመቷ ስፋቷ ይበልጣል። ደብተር ላይ 20 በ20 አድርጋችሁ የሳላችሁት ክብ ሹራቡ ላይ 10 ሳንቲም ስፋት 8 ሳንቲም ከምናምን ቁመት ሆኖ ተጨፍልቆ ይወጣል። አበባ ስትስሉ ይሄ በጣም ይታያል። ስለዚ ሁሌ ቁመቱን በአንድ አምስተኛ ገደማ ጨምሩ፣ ወይ ከራሳችሁ ልኬት ጋ ሚሄድ ባለሬክታንግል ወረቀት ፕሪንት አድርጉ።

ልኬት ካልን ናሙናውን እንጨርስ። ጥለት ያለበትን ናሙና በክብ መርፌ በዙር ነው ምትሰሩት፣ ወዲያ ወዲህ እየተመላለሳችሁ ግልባጭ ከሰራችሁ የእጃችሁ አጠባበቅ ስለሚለያይ ቁጥሩ ይዋሻል። 15 ሳንቲም ሚሆን ስሩ፣ እጠቡት፣ አድርቁት፣ ከዛ ቁጠሩ። ሳይታጠብ የተቆጠረ ናሙና ባይሰራ ይሻላል፣ ሱፍ ውሃ ሲነካው ይለቃል። ጥለት ያለበት ቦታ ከተራው ይልቅ ስለሚጠብቅ ብዙ ሰው ለጥለቱ ግማሽ ሚሊሜትር ወፈር ያለ መርፌ ይወስዳል፣ ሰውነቱ በ4 ከሆነ ጥለቱ በ4.5። እናንተም ናሙናው ላይ እዩት።

ክሩን በተመለከተ እውነተኛ ሱፍ ብታገኙ ነው ምመርጠው፣ ፀጉሩ እርስ በርሱ ስለሚያያዝ የቀለበቶቹን ወጣ ገባነት ይደብቅላችኋል። 50 ግራሙ 100 ሜትር ሚሄደው ውፍረት ለዚህ ልክ ነው። ውጭ ያላችሁ ቀላል ሎፒ ሚባለውን የአይስላንድ ሱፍ ክር በቀላሉ ታገኛላችሁ። እጃችሁ ላይ ያለው አክሪሊክ ከሆነም ይሰራል፣ ይሞቃል፣ ይታጠባል፣ የሚያንሸራትት ስለሆነ ግን ከኋላ ያለውን ክር ቶሎ ቶሎ ጠልፉት። የመንዝ በግ ፀጉር ሚፈትል ሰው ምታውቁ ደግሞ፣ በርኖስና ባና ሚሰራበት ማለቴ ነው፣ ሳይነከር በራሱ ቡኒና ጥቁር ስላለው መደቡ ላይ ያምራል፣ አንገት ላይ ግን ይኮሰኩሳል፣ ከስሩ ሸሚዝ ልበሱ። ለአንድ መካከለኛ ሰው መደቡ 400 እስከ 450 ግራም፣ ሌሎቹ ቀለሞች አንዳንድ ልቃቂት ይበቃሉ፣ አረንጓዴውን ሁለት ብታደርጉ አትጠሉትም።

ቀዩን ግን ፈትኑት። አንድ ክንድ ክር ቆርጣችሁ ለብ ባለ ውሃ ከነከራችሁ በኋላ ነጭ ሶፍት ላይ ጨምቁት፣ ሶፍቱ ከቀላ ያ ክር ገለባው ላይ ይለቃል። ቀለም ሚለቅ ክር ለዚህ ሹራብ አይሆንም።

ወደ ሂሳቡ። እዚ ጋ ሰው ይሸሻል፣ ግን ኤሊዛቤት ዚመርማን ሚባሉ እንግሊዝ ተወልደው አሜሪካ የኖሩ ሴትዮ (1910–1999) ሁሉንም በፐርሰንት አቅልለውታል። ሰውነቱ ላይ ያለው የቀለበት ብዛት መቶ ፐርሰንት ነው፣ የእጅጌው ላይኛው ክፍል የሱ 33 ፐርሰንት አካባቢ፣ የእጅ አንጓው 20 ፐርሰንት፣ ብብት ስር ሳይሰራ ሚቆየው 8 ፐርሰንት፣ አንገቱ 40 ፐርሰንት ገደማ። አንዴ ይሄን ካወቃችሁ የማንንም ፓተርን መግዛት አያስፈልጋችሁም።

ደረታችሁ 96 ሳንቲም ነው እንበል፣ 8 ሳንቲም ለመላወሻ ስትጨምሩ 104፣ በሳንቲም ሁለት ቀለበት ከሆነ 208። እጅጌው 68፣ ብብቱ 16፣ አንጓው 42። እጅጌውን ከ42 ጀምራችሁ በየ3 ሳንቲሙ ሁለት ሁለት እየጨመራችሁ አስራ ሶስት ጊዜ ስታደርጉት 68 ይገባል። ሰውነቱን ከታች ላስቲኩን ከሰራችሁ በኋላ ቀጥ ብላችሁ እስከ ብብት ትወጣላችሁ፣ ርዝመቱ እንደ ምርጫችሁ፣ ከዛ ሁለቱን እጅጌ አንድ ክብ መርፌ ላይ ከሰውነቱ ጋ ታገናኛላችሁ። በየብብቱ ከሰውነቱ 16 ከእጅጌው 16 በሌላ ክር ይዛችሁ ታቆያላችሁ፣ መጨረሻ ላይ ሚሰፋ ነው። የቀረው 208 ሲደመር 68 ሲደመር 68 ሲቀነስ 64፣ 280።

280 ጥሩ ቁጥር ነው፣ ለ10 ይካፈላል፣ ለ14 ይካፈላል፣ ለ20 ይካፈላል። የናንተ ቁጥር እንዲ ካልመጣ አንድ ሁለት ብላችሁ አስተካክሉት፣ ሰውነት ላይ አራት ቀለበት ቢጨመር ማንም አያውቀውም፣ ጥለቱ ጀርባ ላይ ግማሽ ጭላዳ ሆኖ ሲቆረጥ ግን ሁሉም ያየዋል።

ከብብት እስከ አንገት 24 ሳንቲም፣ በኛ ልኬት 58 ዙር። መቀነሻው ሶስት ቦታ ብቻ ነው። ግማሹ ላይ፣ 29ኛው ዙር አካባቢ፣ ከአራት ቀለበት አንድ ይጠፋል፣ ሁለት ሰርታችሁ ሁለቱን አንድ ላይ፣ 280ው 210 ይሆናል። ሩብ ሲቀረው፣ 44ኛው ላይ፣ ከሶስት አንድ፣ 210ው 140። መጨረሻው ላይ ደግሞ ከሶስት አንድ፣ 140ው 94 ገደማ፣ ይሄ 47 ሳንቲም አንገት ነው። ዋናው ነገር ይሄ ነው፣ ከመቀነሻ እስከ መቀነሻ ያለው ቦታ ቀጥ ያለ ስለሆነ እዛ ውስጥ የፈለጋችሁትን ጥለት ያለ ጭንቀት ታስገባላችሁ።

ታዲያ የኛ ሶስት ነገሮች የት ይገባሉ? ከተገናኘ በኋላ መጀመሪያ አራት ዙር በመደቡ ብቻ። እዚችው ጋ ጀርባውን ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል፣ ግማሽ ድረስ ሄዳችሁ እየተመለሳችሁ ጀርባ ላይ ብቻ 2 ወይ 3 ሳንቲም ትጨምራላችሁ፣ ካልሆነ ሹራቡ ፊት ለፊት ጉሮሮ ያንቃል፣ ከጥለቱ በፊት ያለው ሜዳ ላይ ስታደርጉት ደግሞ ጥለቱን አይሰብርም። ከዛ አንድ ገለባ አንድ መደብ እየተፈራረቀ ሁለት ዙር፣ አንድ ዙር ባዶ፣ የጭላዳው ዘጠኝ ዙር፣ አንድ ባዶ፣ እንደገና የገለባው ሁለት ዙር። 280 ለ10፣ ሃያ ስምንት ደረት ትከሻችሁን ዞረ ማለት ነው። 19 ዙር ተበላ።

ከ20ኛው ጀምሮ ጅብራው ነው። ፓርኩ ውስጥ ካለው የሳንቃበር ካምፕ ወደ ላይ የወጣ ሰው ያውቀዋል፣ ረጃጅም ሹል ቅጠሎች ክብ ሰርተው ይቀመጡና ከመሀላቸው ከሰው ቁመት በላይ ሚሄድ አንድ ምሰሶ ይወጣል፣ በእድሜው አንዴ ብቻ ያብባል፣ ከዛ ይሞታል። ጥለቱ 20 ቀለበት ስፋት፣ አስራ አራት ጅብራ ይኖራችኋል። የቅጠሉን ክብ በዘጠኝ ዙር ውስጥ ሰያፍ መስመሮች አድርጋችሁ ከመሀል ወደ ግራና ቀኝ አውጡት፣ እያንዳንዱ ቅጠል ሁለት ቀለበት ውፍረት ይበቃዋል፣ በቅጠሎቹ መሀል መደቡ ይታይ።

29ኛው ዙር ላይ መቀነሻው አለ አይደል፣ እዚ ጋ ሚያስደስተኝ ነገር አለ። 20ው ቀለበት አምስት አራት አራት ነው፣ እያንዳንዱ አራት ሶስት ይሆናል። መሀለኛውን አራት በአረንጓዴ ስሩት፣ ሌሎቹን በመደቡ። ዙሩ ሲያልቅ 15 ቀለበት ቀርቷል፣ 6 መደብ 3 አረንጓዴ 6 መደብ፣ ሶስቷ አረንጓዴ ልክ መሀል ላይ ቆማለች፣ የጅብራው ምሰሶ ናት። መቀነሱ ራሱ ቅጠሉን ጨርሶ ግንዱን ጀመረላችሁ። ከዛ በኋላ እስከ 43ኛው ዙር በሶስት ቀለበት ቀጥ ብላችሁ ትወጣላችሁ፣ ወደ ላይ ጫፉ ላይ ወደ አንድ አጥብቡት። በሁለት ጅብራ መሀል 12 መደብ ስላለ ረጅም ነው፣ በየሁለት ዙሩ መሀል ላይ አንድ አረንጓዴ ነጥብ ጣል አድርጉ፣ በረዶ በሉት ጉም በሉት፣ ነጥብ በሌለበት ዙር ሁለት ቦታ ላይ ክሩን ጥለፉት። በነገራችን ላይ አረንጓዴ ሁለት ልቃቂት ያልኳችሁ ለዚህ ነው፣ ከስር ጠቆር ያለውን ከላይ ነጣ ያለውን ብታደርጉ ምሰሶው ወደ ሰማይ ሚወጣ ይመስላል፣ አንድ ዙር ላይ ያው ሁለት ቀለም ነው፣ ህጉ አልተጣሰም።

44ኛው ላይ በመደቡ ብቻ ቀንሱ፣ 140 ቀረ፣ አስራ አራት አደይ አበባ በየአስር ቀለበቱ። ካሬ ወረቀት ስምንት ቅጠል ያለው አበባ በጣም ይወዳል ምክንያቱም ቀጥታ አራት አቅጣጫ፣ ሰያፍ አራት አቅጣጫ ስላለው። ኖርዌይ ውስጥ ሴልቡ ሚባል አካባቢ ማሪት ኤምስታድ ሚባሉ ሴት እ.ኤ.አ. በ1857 ጓንት ላይ የሰሩት ባለስምንት ቅጠል ኮከብ ዛሬም ድረስ ሀገሩን ሙሉ ያለብሳል። የኛም አደይ በዛው መንገድ ይሳላል፣ 9 ቀለበት ስፋት 11 ዙር ቁመት፣ ከአስሩ የቀረችው አንዷ ቀለበት ከሚቀጥለው አበባ መለያ ናት። ቅጠሎቹ ቢጫ፣ እምብርቱ ላይ አንድ ቀለበት መደብ ትታችሁ እለፉት። እያንዳንዱን አበባ ልክ ከጅብራው በላይ ሳይሆን በሁለት ጅብራ መሀል አስቀምጡት፣ ልክ ከላይ ከሆነ ጅብራው ያበበ ይመስልና ሰሜን የሚያውቅ ሰው ይስቅባችኋል።

ስትሰሩ ሚረሳ አንድ ነገር፣ ሁለቱን ክር ስትይዙ ከስር ሚመጣው ክር ቀለበቱ ትንሽ ትልቅ ሆኖ ጎልቶ ይታያል። ስለዚ የጥለቱ ቀለም ሁሌ ከስር፣ መደቡ ሁሌ ከላይ። መሀል ላይ ከቀያየራችሁ ግማሹ ጭላዳ ደመቅ ግማሹ ደብዘዝ ይላል፣ ምክንያቱን ደግሞ ለማግኘት ትቸገራላችሁ። ቀለም ከመቀየራችሁ በፊት ቀኝ መርፌው ላይ ያሉትን ቀለበቶች ዘርጋ አድርጓቸው፣ ከኋላ ያለው ክር እንዳይጨመድድ። እጃችሁ በተፈጥሮው ሚያጠብቅ ከሆነ ሹራቡን ውስጡን ወደ ውጭ ገልብጣችሁ ስሩት፣ ከኋላ ሚሄደው ክር በውጭ በኩል ስለሚዞር ራሱ ይረዝማል። የዙሩ መጀመሪያ ግራ ትከሻ ጀርባ ላይ ይሁን፣ ዙር በዙር ሲደረደር አንድ ደረጃ ሚመስል መዛነፍ ስላለ ፊት ለፊት አታምጡት። ሚቆረጡትን ክሮች ጫፍ ደግሞ ከታች ከታች እያላችሁ ስፉት እንጂ መጨረሻ ላይ እንዳይከመርባችሁ።

አንገቱን ላስቲክ ሰርታችሁ ለቀቅ አድርጋችሁ ዝጉት፣ ጭንቅላት ማለፍ አለበት። ብብቱን ስፉ። ከዛ ለብ ባለ ውሃ ሩብ ሰዓት ያህል ዘፍዝፉት፣ አትሹት፣ አትጠምዝዙት፣ ፎጣ ውስጥ ጠቅልላችሁ እርገጡት። ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ዘርግታችሁ ትከሻውን በእጃችሁ ክብ አድርጉት፣ የተጨማደደ የመሰላችሁ ጥለት እዚ ጋ ነው ሚዘረጋው። ገመድ ላይ እንዳትሰቅሉት፣ እርጥብ ሱፍ በክብደቱ ይወርድና እጅጌው ጉልበት ጋ ይደርሳል። ፀሐይ ላይም አታድርጉት፣ አዲስ አበባ ክረምት ላይ ከሆናችሁ ሁለት ሶስት ቀን ይፈልጋል፣ በየቀኑ ገልብጡት።